መስኮቱን የሚያዘው ማነው? ኤክስ ሲወጣ፣ ዌይላንድ ሲገባ

ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት 25.10 እትም በኦክቶበር 2025 ሲለቀቅ ከመግቢያ ገጹ ላይ አንዲት ምርጫ ጠፋች። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቀድሞ የይለፍ ቃል ስታስገቡ ጥግ ላይ ያለችውን ማርሽ መሳይ ምልክት ብትነኩ «ኡቡንቱ በኤክስኦርግ» የሚል አማራጭ ይመጣ ነበር። ኤክስኦርግ ኤክስ ወይም ኤክስ11 የተባለውን የድሮ የመስኮት ሥርዓት የሚያስኬደው ፕሮግራም ነው፤ ዌይላንድ የሱ ተተኪ ነው። አሁን የለም። በዚያው ወር የወጣው ሌላው የሊኑክስ ሥርዓት ፌዶራ 43ም ግኖም የተባለውን ዴስክቶፑን ያቀረበው በዌይላንድ ብቻ ነው። የሊኑክስ ኩባንያው ሬድ ሃት ደግሞ ከሁለቱም ቀድሞ በሜይ 2025 የኤክስኦርግን ሰርቨር ከኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10 አውጥቶታል። በኖቬምበር የሌላው ዴስክቶፕ ሠሪ ኬዲኢ ተከተለ፦ ፕላዝማ የተባለው ዴስክቶፑ እትም 6.8 ላይ ሲደርስ በኤክስ11 መግባት እንደሚቀር አስታወቀ።

አብዛኛው ተጠቃሚ ምንም አላስተዋለም። ኮምፒውተሩን አሻሻለ፣ ገባ፣ ሥራውን ቀጠለ። የተወሰነው ግን ተቆጥቷል፤ ቁጣውም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ አንድ አሮጌ ሶፍትዌር በአዲስ መተካቱ ነው። ውስጡ ሲገባ ግን የሥልጣን ጉዳይ ነው። መስኮቱ የት ይቀመጥ? የተነካው ቁልፍ ለየትኛው ፕሮግራም ይድረስ? ስክሪኑ ላይ ያለውን ማን ማየት ይችላል? ይህን ሁሉ የሚወስነው ማነው?

ከሥር እንጀምር። የሊኑክስ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያስተዳድረው የሥርዓቱ እምብርት) መስኮት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ይህን ያህል ፒክሰል ያለው ስክሪን መሰካቱን፣ ከየትኛው የሜሞሪ ክፍል ላይ ምስል አንሥቶ እንደሚያሳይ፣ ማውሱ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ፣ ስንተኛው ቁልፍ እንደተነካ ነው። በቃ። ብሮውዘሩና ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ሌላውን በከፊል ሸፍኖ፣ ጠቋሚዋ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ የምናየው ሁሉ ከከርነሉ በላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሥራ ነው። እንደ ሊኑክስ ባሉ ዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ላይ ይህ ፕሮግራም እንደማንኛውም ፕሮግራም ሊቀየር የሚችል ነው። ለዚህ ነው ክርክር የሚኖረው።

ላለፉት አርባ ዓመታት ያ ፕሮግራም ኤክስ ነበር። በ1984 በኤምአይቲ ተጀመረ። ቦብ ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ አቴና በተባለው የዩኒቨርሲቲው ፕሮጀክት አካባቢ የተለያየ ኩባንያ የሠራቸውን ማሽኖች በአንድ ዓይነት መንገድ ሥዕል የሚያሳይ ነገር ይፈልጉ ነበር። ከስታንፎርድ ደብልዩ የሚባል የመስኮት ሥርዓት ወስደው አሻሻሉት፤ በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ከደብልዩ ቀጥሎ ኤክስ ስለሚመጣ ስሙም እንዲሁ ቀረ። በሴፕቴምበር 1987 አሥራ አንደኛው የፕሮቶኮሉ እትም ወጣ። አሥራ ሁለተኛ አልመጣም። ኤክስ11 የምንለው ለዚህ ነው።

የዚያን ጊዜው ኮምፒውተር እንዴት እንደነበር ካላሰብን ኤክስ አይገባንም። ከባዱ ሥራ ሌላ ክፍል ባለ ትልቅ ማሽን ላይ ይሠራል፤ ተጠቃሚው ፊት ያለው ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ነው። ስለዚህ ኤክስ በኔትወርክ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የተነደፈው። ሰርቨር የሚባለው ጠረጴዛችሁ ላይ ስክሪኑን የያዘው ነው፤ ፕሮግራሞቹ ክላየንት (ተገልጋይ) ናቸው። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ግራ ይጋባል፤ ሰርቨር ሲባል ሩቅ ያለ ማሽን ነው የሚታሰበው። አገልግሎቱ ስክሪን መሆኑን ካሰባችሁ ግን ይቃናል።

ነዳፊዎቹ ሌላም ነገር ወሰኑ። ኤክስ መስኮት መፍጠር፣ ማንቀሳቀስና መሳል የሚቻልበትን መሣሪያ ይሰጣል፤ መስኮቱ ምን ይምሰል፣ የት ይቀመጥ፣ መዝጊያው በግራ ይሁን በቀኝ የሚለው ግን አይመለከተውም። ያን ሌላ ፕሮግራም ይሥራው ተባለ። ያ ሌላ ፕሮግራም ዊንዶው ማኔጀር ነው።

ሥራውን በቅርብ እንየው። ካልኩሌተር ከፈታችሁ እንበል። ካልኩሌተሩ ሰርቨሩን «መስኮት ፍጠርልኝ» ይለዋል። ይፈጠራል፣ ግን አይታይም። ቀጥሎ «አሳየው» ይላል። እዚህ ላይ ሰርቨሩ አንድ ነገር ያጣራል፦ «ስክሪኑን ሁሉ ከሚሸፍነው ከዋናው መስኮት ሥር የሚወጣም የሚንቀሳቀስም ሁሉ መጀመሪያ ለኔ ይነገረኝ» ብሎ የተመዘገበ ፕሮግራም አለ? ካለ ጥያቄውን ራሱ አይፈጽምም፤ ወደዚያ ፕሮግራም ይመራዋል። ማኔጀሩ ጥያቄውን ያያል፣ ቦታ ይመርጣል፣ ካልኩሌተሩን ርዕስና መዝጊያ ባለው ፍሬም ውስጥ ያስገባዋል፣ ከዚያ «በል አሁን አሳየው» ይላል። መስኮቱ ብቅ ይላል። ይህ ሁሉ ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል።

ደስ የሚለው ነገር ማኔጀሩ የተለየ ፍጡር አለመሆኑ ነው። እንደ ካልኩሌተሩ ያለ ተራ ክላየንት ነው። የእድር ዳኛ በሉት፦ ከአባላቱ አንዱ ነው፣ በአንድ ጊዜ ግን አንድ ብቻ ነው የሚኖረው። ሁለተኛ ማኔጀር ልታስመዘግቡ ብትሉ ሰርቨሩ ይከለክላል፤ እሱም «ሌላ ማኔጀር እየሠራ ነው» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ይወጣል። ማኔጀሩ ቢሞትስ? መስኮቶቹ አይሞቱም። ርዕሳቸውና መዝጊያቸው ይጠፋል፣ እርቃናቸውን ይቀራሉ፣ የጻፋችሁት ግን እዚያው ነው። ሌላ ማኔጀር ታስነሣላችሁ፣ ሁሉንም መልሶ ያለብሳቸዋል።

ከዚህ ነጻነት አንድ ሙሉ ባህል በቀለ። ቲደብልዩኤም በ1987፣ ኤፍቪደብልዩኤም በ1993፣ መስኮቶችን ሳያነባብር እንደ ንጣፍ የሚደረድረው አይ3 በ2009 መጡ። በ2006 የተጀመረው ዲደብልዩኤም የምንጭ ኮዱ ከ2000 መስመር እንዳያልፍ ለራሱ ሕግ አውጥቷል። ልብ በሉ፣ አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር አንብቦ የሚጨርሰው፣ ቢፈልግ የራሱን የሚጽፈው ነገር ነው። ለማንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ታዲያ ምን ተበላሸ?

መጀመሪያ ሥዕሉ። ኤክስ ሲሠራ ፕሮግራሙ «እዚህ መስመር ሳል፣ እዚያ ፊደል ጻፍ» እያለ ሰርቨሩ ይስል ነበር። ዛሬ ማንም እንዲህ አይሠራም። ፕሮግራሞቹ በግራፊክስ ካርዱ ራሳቸው ስለው ያለቀለት ምስል ያመጣሉ። በ2004 ገደማ ኮምፖዚት የሚባል ተጨማሪ ክፍል መጣ፦ እያንዳንዱ መስኮት ከስክሪን ውጭ ይሳላል፣ ኮምፖዚተር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ሁሉንም ሰብስቦ ጥላና ብርሃን እየጨመረ አንድ ምስል ያደርገዋል። ያኔ ኤክስ ተላላኪ ሆነ። ምስሉ ከፕሮግራሙ ወደ ሰርቨሩ፣ ከሰርቨሩ ወደ ኮምፖዚተሩ፣ ከኮምፖዚተሩ ተመልሶ ወደ ሰርቨሩ፣ ከዚያ ወደ ስክሪን። ቪዲዮ ስታዩ መሐሉ ላይ የሚቀደደው ምስል ብዙ ጊዜ የዚህ ምልልስ ውጤት ነው።

ሁለተኛውና የከፋው ደህንነት ነው። ኤክስ ኢንፑት የምትባለውን ትንሽ መሣሪያ ተርሚናል ላይ አስነሡና ወደ ብሮውዘር ሄዳችሁ የይለፍ ቃላችሁን ጻፉ። የነካችሁት እያንዳንዱ ቁልፍ ቁጥር ተርሚናሉ ላይ ይዘረገፋል። የአስተዳዳሪ ፈቃድ አልተጠየቀም። ቀዳዳ ስላለው አይደለም፤ የተሠራው እንዲያ ነው። በ1987 ስክሪናችሁ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ የእናንተው፣ የታመነ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ዛሬ ከየትም ያወረድነው አፕ ከባንክ ገጹ ጎን ይሮጣል።

ስክሪን መቆለፊያውን ተመልከቱ። ኤክስ ላይ እሱም ተራ ክላየንት ነው። ሁሉን ሸፍኖ ትልቅ መስኮት ይከፍታል፣ ኪቦርዱን ለራሱ ብቻ ይይዛል፣ «ተቆልፏል» ይላል። አሁን በቀኝ ማውስ አንድ ሜኑ ክፈቱና ተነሥታችሁ ሂዱ። ሜኑው ኪቦርዱን አስቀድሞ ይዞታል። መቆለፊያው ሰዓቱ ሲደርስ ልያዝ ቢል አይሰጠውም። ኮምፒውተሩ ሳይቆለፍ ያድራል። ይህ ለብዙ ዓመታት የታወቀ፣ ኤክስን ሳይሰብሩ መጠገን ያልተቻለ ችግር ነው። ለኔ ከቴክኒክ ክርክሩ ሁሉ ይህ አንዱ ይበቃል።

ዌይላንድን የጀመሩት ከውጭ የመጡ ተቺዎች አይደሉም። ኤክስን ሲጠግኑ የኖሩት ናቸው። ክርስቲያን ሆግስበርግ በ2008 በሬድ ሃት እየሠራ ጀመረው፤ ስሙ የተገኘው ማሳቹሴትስ ውስጥ ካለች ዌይላንድ ከምትባል ከተማ ነው። 1.0 የወጣው በኦክቶበር 2012 ነው። ዌይላንድ ፕሮግራም አይደለም፣ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት ደንብ ነው። በዚህ ደንብ ሰርቨር፣ ኮምፖዚተርና ዊንዶው ማኔጀር የሚባሉ ሦስት ነገሮች የሉም። ሦስቱም አንድ ፕሮግራም ሆነዋል፤ እሱም ኮምፖዚተር ይባላል።

ያንኑ ካልኩሌተር እዚህ ክፈቱት። ምስሉን ራሱ ይስላል፣ ያለቀለትን ለኮምፖዚተሩ ያስረክባል። ኮምፖዚተሩ የፈለገው ቦታ ያስቀምጠዋል። ካልኩሌተሩ ስክሪኑ ላይ የት እንዳለ አያውቅም፣ ቢጠይቅም የሚመልስለት የለም። ጎረቤቱ ማን እንደሆነ አያውቅም። ቁልፍ የሚደርሰው እሱ ተመርጦ ሲቆም ብቻ ነው። የሌላውን ቁልፍ ለመስማት ቢመኝ እንኳ የሚጠይቅበት ቃል በደንቡ ውስጥ የለም። መቆለፊያውም የኮምፖዚተሩ ጉዳይ ስለሆነ ሜኑ ተከፈተ ብሎ የሚቀር ነገር የለም።

ጥሩ ነው። ግን «ማንም የማንንም አያይም» ማለት ስክሪን ማጋራት የለም ማለት ነው። ስክሪን ፎቶ የለም፣ ለሁሉም አፕ የሚሠራ አቋራጭ ቁልፍ የለም፣ ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ፕሮግራምም የሚፈልገውን አያገኝም። እያንዳንዱ ነገር በአዲስ ደንብ፣ በድርድር መመለስ ነበረበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስብሰባ ላይ «ስክሪኔን ላሳያችሁ» ያለ ሰው ጥቁር ነገር ያሳይ ነበር። አሁን ፖርታል የሚባል መካከለኛ አለ፤ የትኛውን መስኮት እንደምታጋሩ ይጠይቃችኋል፣ ምስሉን ፓይፕዋየር የተባለ ድምፅና ቪዲዮ አመላላሽ ፕሮግራም ያደርሳል። የግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ደግሞ ለብቻው ታሪክ ነው። ሌሎቹ ካርዶች በአንድ መንገድ ሲሄዱ እሱ በሌላ መንገድ ሄደ፤ በ2021 ወደ ጋራው መንገድ መጣ፣ ብልጭ ድርግም የሚለው ምስል በደንብ የተስተካከለው ግን በ2024 ነው። ፌዶራ 25 ዌይላንድን ዋና ምርጫ ያደረገው በ2016 መሆኑን አስታውሱ።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የዚህ ድርድር ውጤት ጣታችን ላይ ነው ያለው። ላቲን የሚጽፍ ሰው አንድ ቁልፍ ይነካል፣ አንድ ፊደል ይወጣል። ለኛ እንዲህ አይደለም። በተለመደው አጻጻፍ «ላ» ለመጻፍ የl ቁልፍን ስትነኩ መጀመሪያ «ል» ይወጣል፣ የa ቁልፍን ስትጨምሩ «ል» ጠፍቶ «ላ» ይተካል። ፊደሉ ገና እየተሠራ ነው፣ አፑም መጠበቅ አለበት። ስለዚህ በቁልፉና በአፑ መሐል ኢንፑት ሜተድ የሚባል ፕሮግራም ይቀመጣል፤ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው አይባስን፣ ወይም በአይባስ በኩል ኪማንን ነው። አስቡት እንግዲህ፦ የሁሉንም አፕ ቁልፍ አስቀድሞ የሚሰማ ፕሮግራም ነው። ዌይላንድ የከለከለው ይህንኑ ነው።

የተገኘው መፍትሔ ኮምፖዚተሩ ራሱ መሐል እንዲገባ ነው። አፑ «እዚህ ጽሑፍ እየገባ ነው» ብሎ ለኮምፖዚተሩ ይነግራል፣ ኮምፖዚተሩ ከኢንፑት ሜተዱ ጋር ይነጋገራል። ግኖም ላይ ይህ አይባስን ከሥሩ ይዞ ስለሚመጣ ችግር ብዙም አይታይም። ኬዲኢ ላይ ግን አይባስን የምታበሩት የኪቦርድ ዓይነት ከሚመረጥበት ቦታ አይደለም። ሴቲንግስ ውስጥ «ቨርቹዋል ኪቦርድ» የሚል ገጽ አለ፤ ስክሪን ላይ የሚወጣ የንክኪ ኪቦርድ ማስተካከያ ይመስላል። «አይባስ ዌይላንድ» የሚለው ምርጫ የተሸሸገው እዚያ ነው። ማን ይገምታል? ክሮም ብሮውዘርና ኤሌክትሮን በተባለው የአፕ መሥሪያ የተሠሩ አፖች ደግሞ በቀጥታ በዌይላንድ ሲሮጡ ለዓመታት ተጨማሪ ትእዛዝ ካልተሰጣቸው በቀር ኢንፑት ሜተዱን አይሰሙትም ነበር። «ሰላም» ልትሉ ስትሞክሩ የላቲን ፊደል ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ሲስተካከል ከፊት የነበሩት የቻይንኛ፣ የጃፓንኛና የኮሪያኛ ጸሐፊዎች ናቸው። እነሱ ያለ ኢንፑት ሜተድ አንድ ቃል አይጽፉም፣ ቁጥራቸውም ብዙ ነው፣ ከመካከላቸውም ኮድ የሚጽፉ አሉ። እኛ በነሱ ትከሻ ነው የተሻገርነው። ደንብ የሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ወንበር የሌለው ሰው ችግሩ የሚሰማለት ሌላ ሰው ተመሳሳይ ችግር ሲኖረው ነው።

የተቆጡት ሰዎች ቅሬታም እዚህ ላይ ነው የሚገባኝ። ኤክስ ላይ ማኔጀር ለመጻፍ ሁለት ሺህ መስመር ይበቃ ነበር። ዌይላንድ ላይ ኮምፖዚተር ልጻፍ ያለ ሰው ስክሪኑን፣ ግራፊክሱን፣ ኪቦርዱን፣ ማውሱን፣ የንክኪ ሰሌዳውን ሁሉ ራሱ ማስተናገድ አለበት። ይህን ሸክም ለማቅለል የተሠራው ደብልዩኤል ሩትስ የተባለው የጋራ ኮድ ራሱን ሲያስተዋውቅ «ለማንኛውም ትጽፉት የነበረ ወደ 60,000 መስመር ኮድ» ይላል። ቀልድ ነው፣ ግን እውነት ነው። ስዌይ የተባለው የአይ3 ምትክ የቆመው በሱ ላይ ነው።

በዚያ ላይ ሁሉም አንድ ስለሆነ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል። ኮምፖዚተሩ ቢሞት መስኮቶቹም አብረው የመሄድ ዕድላቸው ሰፊ ነው፣ ያላስቀመጣችሁት ጽሑፍም እንዲሁ። ኬዲኢዎች አፖቹ እንደገና ከተነሣው ኮምፖዚተር ጋር የሚገናኙበትን መንገድ ሠርተዋል፤ ሁሉም ዴስክቶፕ ግን አላደረገውም። ማኔጀሩን ብቻ ልቀይር ማለትም ቀርቷል። ግኖምን ከወደዳችሁ ኮምፖዚተሩን ሙተርን ከነጣጣው ነው የምትቀበሉት።

አዲስ ደንብ ለማስገባት ደግሞ ዋና ዋናዎቹ የኮምፖዚተር ቡድኖች መስማማት አለባቸው። አንድ አፕ የራሱን መስኮት የሚያስቀምጥበት ቦታ መጠቆም ይችል አይችል በሚለው ብቻ ለዓመታት ተከራክረዋል። ብዙ መስኮት በቋሚ ቦታ የሚያስፈልጋቸው የላብራቶሪና የኢንዱስትሪ ፕሮግራሞች እስከዚያው ቆመው ጠበቁ። የመስኮቱን ርዕስና መዝጊያ አፑ ይሳለው ወይስ ኮምፖዚተሩ የሚለውም እንዲሁ ነው። ኬዲኢ እኔ እስላለሁ ይላል፣ ግኖም አፑ ይሳል ይላል። ውጤቱን ለማየት ግኖም ላይ ራሱን ያላዘጋጀ አፕ ክፈቱ፦ መዝጊያ የሌለው መስኮት ፊታችሁ ይገተራል።

እንዲያም ሆኖ ማዋሐዱ ትክክል ነበር እላለሁ። ቁልፎቻችንን ለሁሉም የሚያሰማ ሥርዓት ዛሬ ላይ ሊቀጥል አይገባውም ነበር። ያልወደድኩት ማኔጀሩ አብሮ መዋጡን ነው፤ ለደህንነቱ ሲባል እሱ መዋጥ አልነበረበትም። ሪቨር የተባለው ኮምፖዚተር ይህን እያሳየ ነው። ሥዕሉንና ቁልፉን ኮምፖዚተሩ ይይዛል፣ መስኮቱ የት ይቀመጥ የሚለውን ግን በራሱ ደንብ ለሌላ ትንሽ ፕሮግራም ይተዋል። ትልልቆቹ ዴስክቶፖች ይህን መንገድ ቢከተሉ የድሮዎቹ የማኔጀር ጸሐፊዎች ተመልሰው ሥራ ያገኙ ነበር።

ኤክስ ራሱ በአንድ ቀን አይጠፋም። ዌይላንድ ላይ ሆናችሁ የድሮ አፕ ስትከፍቱ ከኋላ ኤክስዌይላንድ ይነሣል። እሱ ሙሉ የኤክስ ሰርቨር ነው፤ ውስጡ ማኔጀር ሆኖ የሚመዘገበውም ኮምፖዚተሩ ነው፣ ልክ በ1987ቱ ደንብ። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ዩኒክስ መሰል ሥርዓት ዜኖካራ የሚለውን የራሱን የኤክስ እትም ይዞ ቀጥሏል። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9 እስከ 2032 ድጋፍ ስላለው ኤክስኦርግን የሚጠግን ሰው እስከዚያ ይኖራል። በ2025 ኤክስሊብሬ የሚባል ቅጂም ተለይቶ ወጥቷል፤ ብዙ ተስፋ ግን አልጥልበትም፣ ይህን ኮድ የሚያውቁት ሰዎች አብዛኞቹ ዌይላንድ ላይ ናቸው።

የናንተ ኮምፒውተር በየትኛው እንደሚሠራ ለማወቅ ግኖም ላይ ሴቲንግስ ከፍታችሁ ስለ ሲስተሙ የሚናገረውን ገጽ ተመልከቱ፤ የመስኮት ሥርዓቱ ስም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ኤክስ11 የሚል ከሆነና አዲስ እትም ልትጭኑ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ በፍላሽ አስነሡት። ብሮውዘሩ ላይ፣ ሊብሬ ኦፊስ ላይ፣ ዘወትር በምታወሩበት አፕ ላይ አማርኛ ጻፉበት። ስክሪን አጋሩበት። ሁለት ሞኒተር ካላችሁ ሁለቱንም ሰኩበት። አንዱ ካልሠራ ያለው እትም ድጋፉ እስኪያልቅ ባላችሁበት ቆዩ፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም።